ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስፈልጋልን?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ መማር ግዴታ ነውን? ይህ ጥያቄ በሙያው ባለቤቶች ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል፤ ደጋግሞም ሳይቋጭ ይቀራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በትልልቅ ከተሞች፣ የተማረውና ያልተማረው ለአንድ ሥራ በሚሻሙበት ስፍራ በመሆኑ፣ ክርክሩ ውሎ ሳያድር ወደ እንጀራ ጉዳይ ያዘነብላል። አንደኛው የምስክር ወረቀቱን ያሳያል፤ ሁለተኛው የደንበኞቹን ብዛት ይቆጥራል፤ ስለ ፎቶግራፉ ግን የሚናገር ይታጣል። ስለዚህ ነገሩን ከዋና ከተማው አርቆ፣ ወደ ጎጃም ደጋ ወስዶ፣ ሮብ ገበያ ላይ ማየቱ ሳይሻል አይቀርም።

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ በሚያወጣው ደጋ ላይ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የአያሌ ወንዞች መነሻ የሆነ ተራራ ነው፤ አገሩም የገብስና የድንች፣ የበግና የፈረስ አገር ነው። ከተማይቱ በስሟ እንደምትመሰክረው የሮብ ገበያ ልጅ ናት። በዚያ ቀን ገበሬው አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ ከየአቅጣጫው ይመጣል።

እንዲህ ባለች ከተማ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ሠርግና ክርስትና አለ፤ የተማሪዎች ምረቃም አለ። ዕለት ዕለት በሩን ከፍቶ የሚያኖረው ግን ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። ገበሬው ለመታወቂያ ወይም ለሌላ ጉዳይ ጉርድ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ፣ በገበያው ቀን እህሉን ሸጦ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ ይላል። ጋቢውን እንደተከናነበ ይቀመጣል፤ ቀና ይበሉ ይባላል፤ በአንድ አፍታ ይነሣል። ምናልባትም በዕድሜው ዘመን ሌላ ፎቶግራፍ ላይነሣ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ይህ ሰው በሞት ሲለይ፣ ልጆቹ ያንን ጉርድ ፎቶግራፍ ከመታወቂያው ላይ ፈልገው ያመጡና “አሳድጉልን” ይላሉ። ያደገው ፎቶግራፍ በለቅሶው ላይ ይያዛል፤ በሙት ዓመቱም ይወጣል፤ ከዚያም በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ አያታቸውን በሕይወት ላላዩ የልጅ ልጆች አያት ማለት እርሱ ይሆናል። ታዲያ ጋቢው ቦግ ብሎ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ካልተለየ፣ ለቤተሰቡ የቀረለት መልክ የጋቢ መልክ ነው። ማረሚያም የለውም፤ ሰውየው ዳግመኛ አይነሣማ!

የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ያንን ገበሬ የሚያነሣው ሰው ዕውቀቱን ከየት ማግኘት ይገባዋል?

በአገራችን ፎቶግራፍ ከሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ የወጣ ሙያ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ መካከል ፎቶግራፍ የሠለጠኑ ወታደሮችን ይዞ መጥቶ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር፤ የአገሩንና የሰዉን ምስል ያነሡት በዚያ መካከል ነው። በኋላም በ20ኛው ምእተ ዓመት መባቻ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም ቀጥሎ ልጆቹ ሃይጋዝና፣ ቶኒ እየተባለ የሚጠራው ቶርኮም ሙያውን ወረሱ። ከዐፄ ምኒልክ እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱን መልክ ካቆዩልን ምስሎች ብዙዎቹ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ እጅ የተሠሩ ናቸው። በየከተማው የተከፈቱት ፎቶ ቤቶችም መንገዳቸው ከዚህ ብዙ አልራቀም። ልጅ ተቀጥሮ ይገባል፤ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል፤ ቀጥሎ በጨለማው ክፍል ወረቀት ማጠብ ይለምዳል፤ ካሜራውን የሚነካው በመጨረሻ ነው።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአሜሪካ በቺካጎ የተማሩት ሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት፣ ሠዓልያንንና ቀራጽያንን ሲያወጣ ኖሯል። ትምህርት ቤቱ በሩን ከመክፈቱ በፊት ግን አገሪቱ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል በራሷ ፎቶ ቤቶች ፎቶግራፍ ስትነሣ ቆይታለች።

ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡት የአቶ ሚካኤል ፀጋዬ ታሪክ ለዚህ ክርክር ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በሥዕል ዲፕሎማቸውን ተቀበሉ፤ ብዙም ሳይቆይ የዘይት ቀለም ለሰውነታቸው አልስማማ ስላላቸው ሥዕሉን ትተው ፊታቸውን ወደ ፎቶግራፍ አዞሩ። ቡርሹን ያስጣላቸው ሕመም የተማረ ዓይናቸውን አልወሰደባቸውም። ከሥራዎቻቸው አንዱ በመቃብር ላይ የተደረጉትን የሟቾች ፎቶግራፎች፣ ዝናብና ፀሐይ ከበላቸው በኋላ እንደገና ያነሡበት ነው። በዚያ ሥራ ላይ ሁለት ፎቶግራፍ አንሺዎች በአንድ ምስል ይገናኛሉ፤ አንደኛው ከትምህርት ቤት የወጡት ሠዓሊ፣ ሁለተኛው ስሙ የትም ያልተጻፈው የሰፈር ፎቶ ቤት ሰው። ያ ስም የለሽ ሰው በጊዜው አንድ ፊት በወጉ ባያነሣ ኖሮ፣ ለተማረው ዓይን የሚታይ ነገር ባልቀረው ነበር።

አይዳ ሙሉነህ ደግሞ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በኮሙኒኬሽን ትምህርት በፊልም ዘርፍ ነው። ቀጥሎም በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በፎቶግራፍ ጋዜጠኝነት ሠሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረቱ። ዛሬ በዓለም አደባባይ የሚታወቁበትን ቀለምና ድርሰት የሥዕል ክፍል አላስተማራቸውም።

ጭራሽ ትምህርት ቤት ያላየው ሰው ታሪክም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በናይሮቢ የተወለደው ሞሐመድ አሚን በልጅነቱ ባገኘው ተራ ሳጥን መሰል ካሜራ ራሱን በራሱ አስተማረ፤ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን በዳሬ ሰላም ከፈተ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን ያንቀሳቀሰውን የኮረም ረሃብ ፊልም ያነሣው እርሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ማከማቻ በፈነዳ ጊዜ ግራ እጁን አጣ፤ በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ሞተ። ዲፕሎማ ቢኖረው ኖሮ ኮረም ላይ የተሻለ ያነሣ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ፣ ክርክሩን የሚያደምጥለት አያገኝም።

ከአፍሪካ አንድ ሌላ ሰው መጨመር ይቻላል። የማሊው ሴይዱ ኬይታ አናጢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ የከተማው ሰው ጥሩ ልብሱን ለብሶ ደጁን ይጠና ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራው በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ ከምስሎቹ ሥር የተጻፈው “ያልታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ” የሚል ነበር። ይህን ሰው ሁልጊዜ “ሳይማር የተማረ” እያሉ የሚያነሡት አሉ፤ ነገር ግን ያ አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። ኬይታ ፊልሙን ያጥብ የነበረው በዚያው ከተማ ይኖር በነበረው፣ ከእርሱ በፊት ሙያውን ባወቀው በሙንታጋ ደምበሌ ጨለማ ክፍል ነበር። ሥራው ከውኃው ሲወጣ የሚያይለት ሰው ነበረው።

አብዛኛው ክርክር የሚስተው ይህንን ነው። ሞሐመድ አሚን በየቀኑ የዜና አዘጋጆች ይመርጡበትና ይጥሉበት ነበር። አይዳ ሙሉነህ በጋዜጣ ቤት ሠርተዋል፤ በጋዜጣ ቤት ደግሞ ሥራን የሚመርጠው ሠሪው አይደለም። አቶ ሚካኤል ፀጋዬ መምህራን ነበሯቸው፤ የቦያጂያን ልጆች አባት ነበራቸው። የተማሩትንና ያልተማሩትን አንድ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም አራሚ ነበራቸው።

ለጎጃም ሰው ይህ አዲስ ነገር ሊሆን አይችልም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ስማቸው የተጠራው በጉባኤ ቤታቸው ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ እየበላ፣ ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመለስም በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩም ያርማል፤ ቤቱ ሲጎድል ይሞላል፣ ምስጢሩ ሲፋለስ ይመልሳል፣ የማይረባውን ይጥላል። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ እስኪደርስ ይህ ነገር በየቀኑ ይደጋገማል። ሲበቃም ያስመሰክራል። ይህ ትምህርት መደበኛ ነውን? ሕንፃ የለውም፤ ማኅተም የለውም፤ የመግቢያ ፈተናም የለውም። ይሁን እንጂ በምድር ላይ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ “መደበኛ” የሚለው ቃል ወረቀትን የሚያመለክት ከሆነ ፎቶግራፍ አንሺ አያስፈልገውም፤ ዕለት ዕለት መታረምን የሚያመለክት ከሆነ ግን ያለዚያ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል።

የሮብ ገበያው ፎቶግራፍ አንሺ መታረም የሚገባው በምንድን ነው? ከሁሉ በፊት በጋቢው ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ንጹሕ ነጭ ጋቢ ካረፈበት ብርሃን ከአሥር እጅ ስምንቱን ያህል መልሶ ይሰጣል፤ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ግን ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ይመልሳል። በዚህ ላይ ሰውየው ጋቢውን ወደ ግንባሩ ስቦ ከተከናነበ ወይም ባርኔጣ ካደረገ፣ ፊቱ በጥላ ውስጥ ሲሆን ጋቢው በፀሐይ ላይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ደግሞ ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንዲገምት የተሠራ ነው። ነጩን ሲያይ ብርሃን በዛ ይልና ይቀንሳል፤ ፊቱም ጨርሶ ይጠቁራል። የደጋው አየር ችግሩን ያባብሰዋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ብርሃንን የሚበትነው ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ ፀሐዩ ስለት፣ ጥላው ጥልቅ ይሆናል። በቀትር በሮብ ገበያ አደባባይ የተነሣ ሰው የዓይኑ ጉድጓድ ባዶ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከውጭ የመጣው ትምህርትም ይህን ችግር ብዙ ጊዜ አላሰበበትም። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ “ሸርሊ” እየተባለ የሚጠራው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል የያዘ ነበር። ትክክለኛ የሰው መልክ ማለት እርሷ ነበረች፤ ከዚያ የራቀ ሁሉ እንደ ዕድሉ ይወጣ ነበር። በዚያ ካርድ የተማረ ባለሙያ በምስክር ወረቀቱ ላይ ምንም ቢጻፍለት፣ ስለ ስናን ገበሬ ፊት ያልተነገረው ብዙ ነበር።

የገጠር ከተማ ፎቶ ቤት ጎበዝ ሠራተኛ መፍትሔውን ከሥራው አገኘው። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥቶ ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ገባ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ብርሃኑ ከሰማይ እንጂ ከፀሐይ አይመጣም፤ ዓይን ውስጥ የበሩ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ጋቢውም ክሩ ሳይጠፋ ነጭ ይሆናል። ጋቢውን ከግንባር ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ብርሃኑንም በጋቢው ላይ ሳይሆን በፊቱ ላይ ይለካል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን ስንት ፊልም ተቃጥሏል? በ120 ፊልም አንድ ጥቅል የሚወጣው 12 አራት ማዕዘን ምስል ነው፤ እያንዳንዱም ገንዘብ ነው። ስሕተቱ በኪስ ላይ ስለሚያርፍ አይረሳም፤ ደንበኛው “ይህ እኔን አይመስልም” ብሎ ሲመልሰው ደግሞ ይብሳል።

የጨለማው ክፍልም እንዲሁ ያስተምር ነበር። የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት የሚሠራው በ20 ዲግሪ ሙቀት ግድም እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ከመድኃኒቱ ዋና ቅመሞች አንዱ የሆነው ሃይድሮኪኖን ከ13 ዲግሪ በታች ኃይሉ እጅግ ይደክማል። በደጋው ማለዳ ውኃው ከዚህ በታች ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ጣቱን ነክሮ የሚያውቅ ያውቃል። በቀዘቀዘ መድኃኒት የታጠበ ፊልም ሳስቶና ደብዝዞ ይወጣል። እንዲህ ባለ አገር ማሰሮ ውኃ ጥዶ መድኃኒቱን በሞቀ ውኃ መካከል ማቆም የሙያው ክፍል ነበር፤ ይህን የሚያስተምር የሥዕል መምህር አልነበረም፤ ያለፈበት ታላቅ ግን ነበር።

ዛሬ ያ ጨለማ ክፍል ተዘግቷል። ፎቶግራፍ በዲጂታል ካሜራና በስልክ ይነሣል፤ ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ የገበያውም ልጅ ሁሉ አንሺ ሆኗል። ይህን መጥላት አይገባም። ስልኩ ፊትን ለይቶ ያውቃል፤ ጥላውንም ያቀናል፤ አሮጌው የጋቢ ችግር በከፊል በመሣሪያው ተፈትቷል። ነገር ግን በዚያው ፈንታ አዲስ ስሕተት ገብቷል። ስልኩ ቆዳን ያለሰልሳል። ሰባ ዓመት በጮቄ ነፋስና ፀሐይ የተጻፈውን የግንባር መስመር ሳይጠይቅ ይደመስሰዋል። የጥንቱ ስሕተት ያሳፍር ስለነበር ያስተምር ነበር፤ የዛሬው ስሕተት ግን ያስደስታል። ደንበኛው አይመልሰውም፤ ወጣቱም አንሺ ስሕተት መሆኑን የሚያውቅበት ምክንያት አያገኝም። በዚህ ላይ ምስሉ አይታተምም፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲጠፋ አያትየው አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ በመነሣት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከንቱ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውና በሮብ ገበያ በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለ፤ እርሱም የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ያደገ ልጅ የጌታውን ሥራ ያያል፤ ከዚያ ያለፈ ብዙም አያይም። የሥዕል ተማሪ ግን የሺህ ዓመት ሥዕል በዓይኑ ያልፋል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ለምን እንዳማረው ስም ይሰጠዋል። ስም ያለው ነገር ይታረማል፤ ስም የሌለው “ደስ አይልም” ተብሎ ይቀራል። ፈረንሳዊው ካርቲየር ብሬሶን በወጣትነቱ በሠዓሊ አንድሬ ሎት ዘንድ ተምሮ የነበረ መሆኑ ከምስሎቹ አቋም ይነበባል። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ፤ ለፒያኖ ተጫዋችነት ሲዘጋጅ ያደገውና ፎቶግራፍን በራሱ የተማረው አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክፍል ያቋቋመ እርሱ ነው። ያለ ትምህርት ቤት የደረሰው ሰው፣ ሌላው እንደ እርሱ ብቻውን እንዲደክም አልፈለገም።

የሮብ ገበያው ወጣት ግን ሥራውን፣ ቤቱንና ደንበኛውን ጥሎ ለዓመታት አዲስ አበባ እንዲቀመጥ መጠየቅ፣ ለአብዛኛው የማይሆን ምክር ነው። እንግዲህ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ ካልቻለ፣ እርማቱ ወደ እርሱ መሄድ ይኖርበታል። ይህን ማድረግ ለማኅበሩ ከአቅም በላይ አይደለም። ከአባላቱ መካከል የጎጃም ተወላጆች አሉ፤ ለበዓል ወደ አገር ቤት ይመለሳሉ። ከእነርሱ ሁለት ወይም ሦስቱ፣ ከተቻለም አንድ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የወጣ ሰው ጨምረው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢዋ ከሚሰበሰቡ የፎቶ ቤት ሠራተኞች ጋር ቢቀመጡ መልካም ነው። ቀኑ ሮብ አይሁን፤ ሮብ ማንም ሥራውን አይተውም። ሐሙስ ይሁን፤ የትናንቱ ሥራ ገና በእጅ ነው።

እያንዳንዱ ሰው 12 ምስል ይዞ ይምጣ፤ በስልክ የሚታይ ሳይሆን በወረቀት የታተመ። ከ12ቱ ቢያንስ ግማሹ ጉርድ ፎቶግራፍ ይሁን፤ ሠርግ ማማሩ አይቀርም፣ ችሎታ የሚታየው በጉርዱ ነው። ምስሎቹ ሲሰቀሉ አራሚው የራሱን አስቀድሞ ይስቀል፤ ካልሰቀለ አይናገር። ንግግሩም ስለ ጥበብ ታሪክ አይጀምር፤ “ዓይኑ የት ነው? ብርሃኑ ከየት መጣ? ጋቢው ክሩ ይታያል ወይ?” ከሚለው ይጀምር፤ የሥዕሉ መጽሐፍ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የኅትመቱን ወጪ ማኅበሩ ቢሸፍን ብዙ አይሆንም።

ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ሲባጎ፣ ሰፊ በር ያለው አንድ ክፍል ይበቃል። ጊዜውም ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ የገብሱ አጨዳ የገበያውን ሰው ሳይሻማ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ቢሆን ይመረጣል።